ራዲዮአክቲቭ ቁስን ከርቀት ማግኘትና ምንነቱን መለየት እስከ ምን ድረስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ጎንደር (አዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። እኔ አዘዞ አካባቢ አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። በርና መስኮት ከመሥራት ጎን ለጎን ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሚሰበስቡትን ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ እገዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ከደንበኞቼ አንዱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ዕቃ በባጃጅ አመጣ። ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ20 ኪሎ በለጠ። አናቱ ላይ እጀታ ያለው፣ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳው በክዳን የተደፈነ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ ሣጥን ነው። ከጎኑ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የነበረው ጽሑፍ ለዓይን ጠፍቷል፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ ነጥብ፣ በዙሪያው ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት በጣት ሲዳበስ አሁንም ይታወቃል።

ረዳቴ «ውስጡ እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ዋጋ ያወጣል» ብሎ ግራይንደር ሊያነሣበት ሲል ከለከልኩት። ሣጥኑን ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር አስቀምጬ ቆርቆሮ አለበስኩት። ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማና አንድ ደላላ መጥቶ፣ ከፒያሳ ሆኖ አዘዞ ያለው ዕቃ ዩራኒየም ይሁን አይሁን በአንቴና የሚለይ መሣሪያ ያለው ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ፤ ሰውየውን ለማምጣትም ቀብድ ጠየቀኝ።

ገንዘቡን አልሰጠሁም። ሆኖም ጥርጣሬ አላስተኛኝም። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠጉና ሳይከፍቱ ከሩቅ ማወቅ በእውነት ይቻላልን? መኖሩን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሆነስ መለየት ይቻላልን? እስከዚያውስ እኛና ጎረቤቶቻችን ምን ያህል እንራቅ? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብትጽፉልኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ምላሽ 1፦ የፊዚክስ መምህር፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግራይንደሩን ስላስቆሙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ጥያቄዎን በመጀመሪያ ልመልስ። ዛሬውኑ በሣጥኑ ዙሪያ በየአቅጣጫው 30 ሜትር ያህል ሰው እንዳይገባ ያድርጉ፤ ይህ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ እንዲህ ያለ ነገር ከቤት ውጭ ሲገኝ በመነሻነት የሚመክረው ርቀት ነው። አይክፈቱት፣ ከቦታ ቦታም አያመላልሱት። ለፖሊስና በአገራችን የጨረር ቁጥጥር ኃላፊነት ላለበት መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ዕቃውን የነካ ሰው ሁሉ ሳይበላና ሳይጠጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ራዲዮአክቲቭ ቁስ ከሚረጫቸው ጨረሮች አልፋ የሚባለው አየር ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ቤታ ቢበዛ ጥቂት ሜትሮች ይጓዛል። ስለዚህ ከሩቅ እንለካለን ስንል በአብዛኛው የምንናገረው ስለ ጋማ ጨረር ነው። ሲዚየም 137 ከተባለው ራዲዮአክቲቭ ቁስ የሚወጣው ጋማ በባሕር ጠለል ከፍታ 75 ሜትር ገደማ አየር ሲያቋርጥ በግማሽ ይቀንሳል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ እኛ ዘንድ ያው ግማሽ የሚሆነው ወደ 90 ሜትር ሲጠጋ ነው።

ይሁን እንጂ ከአየሩ ይልቅ የሚያዳክመው ርቀቱ ራሱ ነው። በጨለማ ግቢ ውስጥ ፋኖስ ይዘው ቢቆሙ ብርሃኑ በራቀ ቁጥር በሰፊ ቦታ ላይ እየተበተነ እንደሚደክም ሁሉ፣ ጨረርም ከ1 ሜትር ወደ 10 ሜትር ሲርቁ መቶ ጊዜ፣ ወደ 100 ሜትር ሲርቁ አሥር ሺህ ጊዜ ያንሳል። በቁጥር ልየው። በመንገድ ሥራ ላይ የአፈር ጥግግት የሚለካበት መሣሪያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሲዚየም 370 ሚሊዮን ቤክሬል ነው፤ በየሴኮንዱ ያን ያህል አተም ይፈራርሳል ማለት ነው። ይህ መከለያ ሳይኖረው ባዶውን ቢቀመጥ በ1 ሜትር ላይ በሰዓት 30 ማይክሮሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። በ10 ሜትር ላይ 0.3 ይሆናል፤ በ100 ሜትር ላይ ደግሞ ከ0.003 በታች ይወርዳል። በየትም ቦታ ከመሬትና ከሰማይ የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ስለሆነ፣ መቶ ሜትር ላይ የቆመ ሰው የሚፈልገው ምልክት ተፈጥሮ በምትሰጠው ጨረር ውስጥ ተውጦ ይጠፋል።

ዋናው ችግር ጨረሩ አለመድረሱ ሳይሆን፣ የደረሰውን ከተፈጥሮው ለይቶ ማወቁ ነው። አንድ መለኪያ በተፈጥሮ ጨረር ብቻ በሴኮንድ 400 ይቆጥራል እንበል። ይህ ቁጥር በራሱ ጊዜ በ20 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ 20 የ400 ካሬ ሥር ነው። ስለዚህ 410 ቢያሳይ ምንም ማለት አይቻልም፣ 500 ቢያሳይ ግን የሆነ ነገር አለ። ነገር ግን ባለበት ቆሞ 100 ሴኮንድ ቢቆጥር 40,000 ይጠብቃል፤ መዋዠቁም 200 ብቻ ነው፤ 41,000 ካገኘ ያ በሴኮንድ 10 ብቻ የሆነ ትንሽ ጭማሪ አሁን በግልጽ ይታያል። ከርቀት መለካት ማለት እንግዲህ ትልቅ መለኪያ ይዞ በትዕግሥት መቁጠር ማለት ነው። በአንድ አፍታ ከከተማ ከተማ የሚያይ መሣሪያ የለም።

የተፈጥሮው ጨረርም አንድ ዓይነት አይደለም። የጎንደር ምድር በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ የፋሲል ግንብ ጥቁር ድንጋይም ይኸው ነው። ባዛልት ከግራናይት ጋር ሲነጻጸር ያለው ፖታሲየም፣ ዩራኒየምና ቶሪየም አነስተኛ ነው። በመሆኑም ግራናይት የተነጠፈበት ሕንፃ ውስጥ መለኪያ ይዞ የገባ ሰው ቁጥሩ ከፍ ቢልበት ሊደነግጥ አይገባም። በክረምትም ዝናብ እንደጣለ ራዶን ከተባለው ከመሬት የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ የተወለዱት፣ አየር ላይ ያሉት ቅንጣቶች ከጠብታው ጋር መሬት ላይ ስለሚወርዱ ንባቡ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያህል ከፍ ብሎ ተመልሶ ይረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው በሐምሌ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይሸበራል።

ምንነቱን ስለ መለየት። እያንዳንዱ ጋማ አመንጪ ቁስ የራሱ የሆነ የኢነርጂ መጠን አለው። ሲዚየም 137 በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ)፣ ኮባልት 60 በ1173 እና በ1332፣ በአፈርና በሰውነታችን ሁሉ ያለው ፖታሲየም 40 በ1461 ይታወቃሉ። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ጋማ ሲመታው ብልጭ ይላል፤ የብልጭታው ድምቀት የኢነርጂውን መጠን ስለሚከተል፣ ብዙ ብልጭታዎች በየልካቸው ሲደረደሩ የቁሱ ማንነት በጉብታዎቹ ቦታ ይነበባል። ይህ ክሪስታል 662 ላይ ወደ 7 በመቶ የሚሆን ብዥታ አለው። ጀርመኒየም የሚባለው መለኪያ ግን ከግማሽ በመቶ ባነሰ ብዥታ ይለያል፤ ያም ሆኖ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በማቀዝቀዣ ሞተር እጅግ መቀዝቀዝ ስላለበት እንደ ልብ ተሸክመው የሚዞሩበት አይደለም። ማሲንቆን አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ ከጥቂት ምት ይለያል፤ ከመንደር ማዶ የሚሰማ ግን መጫወቱን ቢያውቅም ቅኝቱን ለመለየት ረዘም ላለ ጊዜ ጆሮውን ማቅናት አለበት። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ለመለየት የሚበቃ ጨረር ለመኖሩ ማረጋገጫ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እርሳስ ዋናውን ጉዳይ ይሰውራል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ የሲዚየምን ጋማ ከሁለት መቶ ወደ አንድ እጅ ገደማ ያወርደዋል፤ እንደ አሜሪሲየም 241 ያለውን ደካማ ጋማ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር እርሳስ ጨርሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሣጥኑ አጠገብ መለኪያው ዝቅ ብሎ ቢታይ «ባዶ ነው» ለማለት አይበቃም።

ስለ ደላላው፣ ጋማ በዘንግ አንቴና የሚያዝ የሬዲዮ ሞገድ አይደለም። ለቦምብ ፍለጋ ተብሎ ለብዙ አገሮች የተሸጠው ኤዲኢ 651 የተባለ ዘንግ ያለው መሣሪያ ውስጡ ምንም የሚሠራ ነገር እንደሌለው ተረጋግጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በሻጩ ላይ የ10 ዓመት እስራት ፈርዷል። ቀብድዎን ይያዙ።

ምላሽ 2፦ የብየዳ ፍተሻ ባለሙያ

ገለጻዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሁለት ጫፍ ቀዳዳ፣ እጀታ፣ ቢጫ ቀለም፣ ለመጠኑ የማይገባ ክብደት፤ ይህ እኔ ለዓመታት ስሸከመው የኖርኩት የጋማ ራዲዮግራፊ ሣጥን ይመስለኛል። የቧንቧና የነዳጅ ታንክ ብየዳ ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው ለማየት እንጠቀምበታለን። ውስጡ እንደ ኤስ ፊደል የታጠፈ ቱቦ አለ፤ ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቱቦው መታጠፉ እንዳያመልጥ ያደርገዋል። የጨረሩ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ኢሪዲየም 192 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ብረት ነው። ስንዝር የማትሞላ ተጣጣፊ የብረት ገመድ ጫፍ ላይ፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ቅንጣት ሆና ትታሰራለች። በአንደኛው ጫፍ ረጅም ገመድ ገጥመን በእጅ እየዘወርን ወደ ብየዳው እንገፋታለን፣ ፊልሙ ከተነሣ በኋላ ወደ ቤቷ እንስባታለን።

መምህሩ ስለ እርሳስ የጻፉት ትክክል ነው፤ በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ግን መከለያው ብዙውን ጊዜ እርሳስ ሳይሆን የተሟጠጠ ዩራኒየም (ለኒውክሌር ነዳጅ የሚፈለገው ክፍሉ አብዛኛው የወጣለት) ነው፤ ከእርሳስ እጅግ ስለሚከብድ በትንሽ ቦታ ብዙ ጨረር ያግዳል። ከ20 ኪሎ ማለፉ የመጣውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ረዳትዎ በግራይንደር ቢቆርጠው ኖሮ ምንጩ ባይኖር እንኳ የዩራኒየም ብናኝ ይተነፍስ ነበር፤ ያ ብናኝ በራሱ የሚቀጣጠል ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሌሊት ላይ ስንሠራ የዘዋሪው ቆጣሪ ምንጯ ወደ ሣጥኑ መመለሷን አሳየን። እኔም ወደ ቧንቧው አመራሁ። በቀኝ እጄ የያዝኩት መለኪያ ግን መርፌው ከጫፍ ደርሶ ተጣብቆ ቀረ። ለቅጽበት «መለኪያው ተበላሽቷል» ብዬ አስቤ ነበር፤ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ስመለስ መርፌው ዝቅ አለ። ምንጯ ቱቦው መሃል ቀርታ ነበር። ዓይኔና ቆጣሪው ያላዩትን ያየልኝ ያ መለኪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በፔሩ ያናንጎ በተባለ የውኃ ኃይል ግንባታ ላይ አንድ በያጅ እንዲህ ያለችውን ገመድ ወድቃ አግኝቶ፣ ምን እንደሆነች ሳያውቅ የኋላ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ለሰዓታት ሲሠራ ውሏል። እግሩን አጥቷል። የሙያ ባልደረባችን ነው፣ እኛ የምንይዘውን ነው የያዘው። ስለዚህ ቁራሌውን ሲያገኙት ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለች ገመድ አይቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ምላሽ 3፦ አንባቢ፣ ጎንደር (ቀበሌ 18)

ለመምህሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። በአውሮፕላን እየበረሩ ዩራኒየም የሚፈልጉ ኩባንያዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከአየር ላይ መለየት ከተቻለ ከርቀት አይቻልም ማለት እንዴት ይሆናል?

ምላሽ 4፦ የፊዚክስ መምህር፣ ጎንደር

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አይቻልም ማለቴም አይደለም፣ ወሰን አለው ማለቴ ነው። የማዕድን ፍለጋው አውሮፕላን ከመሬት 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ የሚሸከመውም በእጅ የሚያዝ ሳይሆን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ክሪስታል ነው። የሚለካው ደግሞ አንዲት ሣጥን ሳትሆን በሄክታር የሚለካ ሰፊ መሬት ነው። መሬቱ ሁሉ በአንድነት ስለሚያበራ ርቀቱ ያን ያህል አይጎዳውም። ጨረሩም የሚመጣው ከላይኛው ግማሽ ሜትር ከማይሞላ አፈር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ራሱ አፈሩ ይውጠዋል።

ነጠላ ዕቃ ሲፈለግ የሆነውን እነሆ። እ.ኤ.አ. በጥር 1978 ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት ከነኒውክሌር ሪአክተሩ በሰሜን ምዕራብ ካናዳ በረዶ ላይ ሲበታተን ስብርባሪውን ያገኙት በጋማ መለኪያ የታጀቡ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ነገር ግን ቁርጥራጮቹ ብርቱ ጨረር ነበራቸው፣ ፍለጋውም ወራት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በምዕራብ አውስትራሊያ 8 በ6 ሚሊሜትር የምታህል የሲዚየም ቅንጣት 1,400 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ጠፋች። ጥንካሬዋ 19 ቢሊዮን ቤክሬል ነበር፤ ቅድም ካልኩት የመንገድ ሥራ መሣሪያ ሃምሳ ጊዜ ይበልጣል። በመጨረሻ ያገኛት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መለኪያ የጫነ መኪና ሲሆን፣ ቅንጣቷ የነበረችው ከመንገዱ ዳር 2 ሜትር ያህል ገባ ብላ ነው። መኪናው በሴኮንድ ወደ 20 ሜትር ስለሚሄድ ቅንጣቷን ያያት ለአንድና ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ያም የበቃው ጠንካራና ያልተሸፈነች ስለነበረች ነው። እርሳስ ውስጥ ብትሆን ኖሮ መኪናው ሳያያት ባለፈ ነበር።

ለብረት ነጋዴ የሚበጀው ምሳሌ ግን እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ይመስለኛል። በሜክሲኮ ሲዩዳድ ኹዋሬዝ ከተማ አንድ ያረጀ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ እንደ ውራጅ ተሸጦ በውስጡ ከነበሩት 6,000 ያህል የኮባልት 60 ፍሬዎች ብዙዎቹ ከብረቱ ጋር ቀለጡ፤ ከዚያም የግንባታ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነው ተሠሩ። ነገሩ የታወቀው ያን ፌሮ የጫነ መኪና በአጋጣሚ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ አጠገብ ሲያልፍ በሩ ላይ የነበረው መለኪያ ስለጮኸ ነው። እንዲህ ያለው መለኪያ የሚሠራው መኪናው በጥቂት ሜትሮች ርቀት አጠገቡ ሲያልፍ ነው። ለማንቂያ የሚበቃ ርካሽ ፕላስቲክ ስለሆነ ቁሱ ምን እንደሆነ አይለይም፤ ከጮኸ በኋላ ሰው ክሪስታል ይዞ ቀርቦ ይለያል። ዛሬ ትላልቅ ብረት አቅላጮች በራቸው ላይ የሚተክሉት ይህንኑ ነው፤ የእኛም አገር አቅላጮች ሁሉ ቢኖራቸው ከልቤ እመኛለሁ።

ጠያቂው በድጋሚ፦ የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ጎንደር (አዘዞ)

ያገዛችሁኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። በነገራችሁኝ መሠረት በዚያው ቀን ለፖሊስ አመለከትኩ፤ ጓሮው በገመድ ታጥሮ ቆየ። ከቀናት በኋላ ባለሙያዎች መጥተው ሲለኩ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ተከታተልኩ። ሲጀምሩ ወደ ሣጥኑ አልሄዱም፤ አስፋልቱ ዳር ቆመው የሰፈሩን የተፈጥሮ ጨረር ለኩ፣ 0.1 ገደማ ነበር። ከዚያ በየጥቂት እርምጃው እየቆሙ ተጠጉ። በ30 ሜትር ያው ነው፣ በ10 ሜትር ያው ነው፣ በ5 ሜትርም ያው ነው። ትንሽ ከፍ ማለት የጀመረው አንድ ሜትር ሲቀራቸው ነው፤ ሣጥኑን ሲያስነኩት ደግሞ ጥቂት ማይክሮሲቨርት አሳየ። ደላላው ከፒያሳ ይታያል ያለኝ ነገር ከራሴ ጓሮ በር እንኳ አልታየም።

ከዚያ ክሪስታል ያለውን መሣሪያ ሣጥኑ ጎን አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ 1001 የሚል ቁጥር አጠገብ ትንሽ ጉብታ ቀስ እያለች ወጣች። «ይህ የዩራኒየም መከለያው ነው፤ የኢሪዲየሙ 316 እና 468 የለም» አሉኝ። ምንጯ ውስጥ የለችም፣ ወይም ከስማ አልቃለች ማለት ነው። ሣጥኑን አሽገው ወሰዱት። ቁራሌው ከፈረሰ መጋዘን ከሌላ ብረት ጋር እንደገዛው ይናገራል፤ ገመድ ግን አላየሁም ይላል።

ምላሽ 5፦ የብየዳ ፍተሻ ባለሙያ

እፎይ አልኩ፣ ግን ግማሽ እፎይታ ነው። ኢሪዲየም 192 በ74 ቀን በግማሽ ይቀንሳል፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚቀረው ከመነሻው አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ሣጥኑ በእውነት ለብዙ ዓመታት ከተጣለ ምንጯ ብትገኝም ጉዳቷ አልፏል። ተጥሎ የቆየበት ጊዜ ግን መታወቅ አለበት። የሰሌዳው ቁጥር ከተነበበ የሣጥኑን ባለቤትና ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላበትን ቀን ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል። ባለሙያዎቹ ቁጥሩን አንብበውታል?

ጠያቂው በድጋሚ፦ የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ጎንደር (አዘዞ)

አዎን፣ ስስ ወረቀት ሰሌዳው ላይ አድርገው በጽሕፈት እርሳስ ሲፈገፍጉበት አምስት አኃዝ ወጣ፤ ጽፈው ይዘውት ሄደዋል። እኔ ደግሞ እርስዎ በነገሩኝ ልክ ስንዝር የማትሞላ ገመድ ጫፏ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ብረት በይጄ ሚዛኑ በላይ ሰቅያለሁ። ብረት ይዞ የሚመጣ ቁራሌ ሁሉ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት እሷን አይቶ፣ እንዲህ ያለች ካየ ሳይነካት ሮጦ እንዲነግረኝ አስረዳዋለሁ።